ሮም፣ ጆርጂያ፤ ከጎዳናው በታች ያሉ መስኮቶች

በጉዞ አውቶቡስ ሹፌርነት በመጀመሪያው ቀኔ ጋሽ ተሾመ መሪ አላስነኩኝም። ጎህ ሲቀድ አትላንታ ካለው የአውቶቡሶች ግቢ ደርሼ፣ አዲሱን ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ቁልፉን ይሰጡኛል ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ዛሬ አትነጂም። ዛሬ መስማት ነው የምትማሪው» አሉኝ።

ጋሽ ተሾመ ረጃጅሞቹን የጉዞ አውቶቡሶች ሲነዱ የኖሩ የኩባንያው አንጋፋ ሹፌር ነበሩ። አዲስ ሠራተኛ የሚያሠለጥኑትም እሳቸው ናቸው። አውቶቡሱን ዙሪያውን አዞሩኝ። ጎማውን በዱላ እየመታሁ ድምፁን እንዳዳምጥ፣ መብራቱን አንድ በአንድ ቼክ እንዳደርግ፣ ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር መኖር አለመኖሩን ጎንበስ ብዬ እንዳይ አደረጉ። በመጨረሻ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና ሞተሩን አስጠፉኝ።

«ፍሬኑን ርገጪና ያዢው። አሁን ጸጥ በይ። አየር የሚያፈስ ከሆነ ራሱ ይነግርሻል።»

እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። ግቢው ላይ ጭጋግ ተኝቷል። እንዲህ ያለ አውቶቡስ ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ስለሆነ ሹፌሩ መንገድ ከማየቱ በፊት አየሩን መስማት አለበት። ምንም አልሰማሁም። «ምንም ካልሰማሽ ጥሩ ነው» አሉ ጋሽ ተሾመ፣ «አሁን ቁርስ እንብላ።»

በእኛ ሥራ ደረጃ አለ። ከታች ሻትል ነው፤ ከፓርኪንግ ወደ ሕንፃ፣ ከሕንፃ ወደ ፓርኪንግ። ከዚያ በላይ በየቀኑ አንድ መንገድ የሚመላለስ የኮንትራት ሹፌር አለ። ከሁሉ በላይ ቻርተር የሚነዳው ነው። እሱ ቡድን ይጭናል፣ ከከተማ ይወጣል፣ ከአስጎብኚ ጋር ይሠራል። እኔ በዲቪ ሎተሪ መጥቼ አትላንታ ዳር ክላርክስተን ከልጄ ከሊያ ጋር አንዲት አፓርታማ ስንከራይ፣ መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ሳንዲ ስፕሪንግስ ካለ አንድ ሆስፒታል የፓርኪንግ ሻትል መንዳት ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዱን ክብ መዞር ነው። ማታ ዓይኔን ስጨፍን አልጋዬ ሁሉ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ይመስለኝ ነበር። የትልቅ አውቶቡስ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት ከዚያ ክብ ለመውጣት ስል ነው።

ቻርተር ላይ በተመደብኩበት የጸደይ ወራት፣ የስምሪት ሠራተኛው ሬይ ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «ሲጌ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሮም ያንቺ ናት» አለኝ። ስሜ ጽጌ ነው። ግን «ጽ» ለአሜሪካኖች ስለምትከብዳቸው ሲጌ ነበርኩ።

ቤት ገብቼ ለሊያ ነገርኳት። ያኔ ሃይስኩል ነበረች።

«ዌይት፣ ማሚ፣ ላይክ ኢጣሊያ ያለችው?»

«አይ፣ እዚሁ ጆርጂያ ነው። በሰባ አምስት ሃይዌይ ወደ ሰሜን ወጥተሽ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ።»

«ኦ» ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ሮም ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ትንሽ ከተማ ናት። ኤቶዋ ከምሥራቅ፣ ኡስታናውላ ከሰሜን ይመጣሉ። መሀል ከተማው ጫፍ ላይ ይገናኙና ሁለቱም ስማቸውን ይተዋሉ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ኩሳ ተብሎ ወደ አላባማ ይሄዳል። በዝናብ ማግስት አንዱ ቀይ፣ ሌላው አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። ጥቂት መንገድ ጎን ለጎን ሳይቀላቀሉ ይሄዳሉ፤ ከዚያ አንዱ ሌላውን መቼ እንደዋጠው ሳታይ ውሃው አንድ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ሚስ ዶሪስን ያወቅኋቸው እዚያ መገናኛው ዳር ባለው ፓርኪንግ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ጥቁር ሴት፣ ባለ ሰፊ ክፈፍ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ። በዚያች ከተማ ተወልደው አድገው፣ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአትላንታ የሚመጣውን ቡድን የሚያስጎበኙት እሳቸው ነበሩ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ሲጌ።»

«እናትሽ እንደዚያ ነው የምትጠራሽ?»

«አይደለም። ጽጌ ነው።»

ተሳፋሪው ሁሉ እየጠበቀ «ጽ» እስኪወጣላቸው ደጋገሙት። ምላሳቸውን ጥርሳቸው ላይ እየለጠፉ ይሞክራሉ፣ ይስቃሉ፣ እንደገና ይሞክራሉ። ሲወጣላቸው ወደ ሰዎቹ ዘወር ብለው፣ «ኡስታናውላን በትክክል እንድትጠሩልኝ የምፈልግ ሰው የሹፌሬን ስም በትክክል መጥራት አለብኝ» አሉ።

መንገዱ ሁልጊዜ አንድ ነበር። መጀመሪያ ወንዞቹ፣ ከዚያ ድልድዩ፣ ከዚያ ሰፊው ዋና ጎዳና፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከኮረብታ ላይ ያለው ባለ ሰዓቱ ግንብ፣ በመጨረሻ ከወንዝ ማዶ ያለው የመቃብር ኮረብታ።

ወንዞቹ ጋ ስለ ቸሮኪ ሕዝብ ይናገራሉ። አገሩ የእነሱ ነበር። ነጮቹ መሬቱን ከፋፍለው በሎተሪ ለራሳቸው ሰዎች አደሉት፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ወደ ቤቱ ሲመጣ ባለቤቱን ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ያገኘዋል። በኋላ ሕዝቡን በወታደር እየነዱ ወደ ምዕራብ አስወጡት። ከተማዪቱን የቆረቆሩት ጥቂት ሰዎች ደግሞ በስሟ አልስማማ ሲሉ እያንዳንዳቸው የሚወዱትን ስም ጽፈው ባርኔጣ ውስጥ ጨመሩ። የወጣው ዕጣ ሮም የሚል ነበር። ለነገሩ እንደ ጣሊያኗ ሮም ዙሪያዋን ሰባት ኮረብቶች አሏት።

ይህን የሰማሁ ቀን መሪዬን ይዤ ብዙ አሰብኩ። መሬቱ በዕጣ፣ ስሙ በዕጣ፣ እኔም በዕጣ። ክላርክስተን ያሉ ጎረቤቶቼ «ሎተሪ ደረሰሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። የደረሰው ሰው እንጂ መሬቱ የተወሰደበት ሰው ከዚያ በፊት ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የጣሊያኗን ሮም ቆረቆሩ የሚባሉትን ሁለት ሕፃናት የምታጠባ የነሐስ ተኩላ ቆማለች። የስም ሞክሼ ስለሆንን ተብሎ ከጣሊያን የመጣች ስጦታ ናት። ሰጪው በዚያ ዘመን ጣሊያንን የሚገዛው ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ሰው ነው። ሚስ ዶሪስ ይህን የተናገሩ ዕለት፣ ዕረፍት ላይ፣ ሰዎቹ አይስክሬም ሊገዙ ሲወርዱ፣ ነገርኳቸው።

«ያ ሰው አገሬን የወረረ ነው። የአያቴን መንደር አውሮፕላኖቹ አቃጥለውታል።»

ሚስ ዶሪስ ወደ ተኩላዋ ዘወር አሉ። «እዚህም ከጣሊያን ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ አውርደው ደብቀዋት ነበር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሲያልፍ መለሷት።»  በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ስንደርስ ንግግራቸው ላይ አንድ አረፍተ ነገር ጨመሩ፦ «ይህችን ተኩላ የላከልን ሰው የሹፌራችንን የወይዘሮ ጽጌን አያት መንደር ያቃጠለ ነው።» ተሳፋሪው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን አረፍተ ነገር አንድም ቅዳሜ አልዘለሏትም።

ከሁሉ የምወደው ግን ዋናው ጎዳና ላይ የሚናገሩት ነበር። በጥንት ጊዜ ወንዞቹ ሞልተው ከተማዪቱን አጥለቀለቋት። ጀልባ ጎዳናው ላይ ሄደ ይባላል። ውሃው ሲጎድል ሰዎቹ ቤታቸውን ከማፍረስ ይልቅ ጎዳናውን በአፈር ሞልተው ከፍ አደረጉት። ምድር ቤት የነበረው ሱቅ ከመሬት በታች ቀረ፤ ፎቅ የነበረው ምድር ቤት ሆነ።

«ከእግራችሁ በታች በርና መስኮት አለ» ይላሉ ሚስ ዶሪስ።

እዚያ ጎዳና ላይ ስነዳ እግሬ ይቀልለኝ ነበር። ያን ሁሉ ብረትና ሰው ተሸክሜ በሰው ቤት ጣሪያ ላይ የምሄድ ይመስለኛል። ከታች ጨርቅ የሚለካ ነጋዴ፣ ደጃፉን የሚጠርግ ሰው፣ መስኮት ላይ የተቀመጠች ድመት፤ ሁሉም ቀና ብለው የአውቶቡሱን ጎማ ድምፅ የሚያዳምጡ ይመስለኛል። ጠዋት ጭጋጉ ከወንዞቹ ወጥቶ የሱቆቹን ደጃፍ ሲሞላው፣ ከላይ ያለው ከተማ የቱ፣ ከታች ያለው የቱ እንደሆነ አይለይም ነበር።

ከአስጎብኚ ጋር መንዳት የራሱ ሙያ አለው። ሰው ማይክሮፎን ይዞ ቆሞ ሳለ ፍሬን በድንገት አይያዝም። መታጠፊያ ላይ ንግግሩ ሳያልቅ አይታጠፍም። እኔና ሚስ ዶሪስ ተላምደን፣ «መስኮት አለ» ሲሉ የፊት ጎማዬ ጎዳናው አፍ ላይ፣ «ሰዓቱ ከመግባቱ በፊት ግንቡ የውሃ ታንከር ነበር» ሲሉ አቀበቱ ሥር እንገኝ ነበር። ሌሎች ሹፌሮች «አንቺና እሷ እንደ መዘምራን ናችሁ» ይሉኝ ነበር።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። ሊያ ኮሌጅ ገባች፣ ጨረሰች፤ የንግግር ቴራፒስት ሆና ሆስፒታል ተቀጠረች። እኔም ከክላርክስተን ወጥቼ ሊልበርን የምትባል ጎረቤት ከተማ ቤት ይዤ ገባሁ።

ከዚያ በአንዱ የጸደይ ወራት ሚስ ዶሪስ ድልድዩ ላይ የወንዞቹን ስም አቀያየሩት። ማንም አላስተዋለም። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ቆመን መብራቱ ሲዘገይ ንግግራቸው ቆመ። አንድ ቃል የሚፈልጉ መሰለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ስንንቀሳቀስ፣ ጥጉ ላይ ያለው ቀይ ጡብ ሕንፃ ብቅ ሲል፣ ቃሉም ብቅ አለላቸው። ያኔ ገባኝ። አውቶቡሱ ሲሄድ ታሪኩ ይሄዳል፤ አውቶቡሱ ሲቆም ይቆማል። ሮም ለእሳቸው ጭንቅላታቸው ውስጥ መኖሯን እያቆመች፣ መንገዱ ላይ ብቻ እየቀረች ነበር።

እኔም አነዳዴን ለወጥኩ። ቀይ መብራት እንዳይዘኝ ከሩቅ ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ። ዝም ያሉ እንደሆነ በግንቡ በኩል ትንሽ ፈቀቅ ብዬ በመስኮታቸው እንዲያዩት አደርጋለሁ።

ለሊያ ነገርኳት። መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ወደ ቤት ስትገባ ነበር፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ሰማችኝ።

«ማሚ፣ ይሄ ሲሪየስ ነው። ከአውቶቡስ ወርደው ቢጠፉስ? ለቦስሽ መንገር አለብሽ።»

«መጀመሪያ ለራሳቸው ነው የምነግረው።»

«እሺ፣ ግን ቶሎ በይ።»

ቶሎ ማለት ግን ከበደኝ። አንድ ትልቅ ሰው ፊት ቆሞ «እየረሱ ነው» ማለት እንዴት ይባላል? ሳመነታ ሥራ አስኪያጁ ሚስተር ኬል ቀደመኝ። በዕድሜ ልጄ የሚሆን፣ ትሑት ሰው ነው። ቢሮው ጠራኝ።

«ሲጌ፣ አንድ ደንበኛ ደውሎ ነበር። አስጎብኚዋ አንዱን ታሪክ ደጋግማ ተናገረች አለ። ሮም ላይ ችግር አለ?»

«አለ» አልኩት። «ግን ከእሳቸው ጋር ሳልነጋገር ሌላ አልናገርም። እስከ ሰኞ ታገሠኝ።»

«ሲጌ፣ እኔ የማስበው ስለ ሰዎቹ ደኅንነት ነው። ስለ እሷም።»

«አውቃለሁ። እኔም።»

በዚያ ቅዳሜ ጉብኝቱ አልቆ ሰዎቹ ምሳ ላይ ሳሉ፣ ከሚስ ዶሪስ ጋር የወንዞቹ መገናኛ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ውሃው ዝግ ብሎ ይሄዳል። ዛፎቹ ተዘቅዝቀው ውሃው ላይ ቆመዋል። ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ጀመሩልኝ።

«ቀስ እያልሽ መንዳት ከጀመርሽ ሰንብተሻል።» ወደ እኔ ዞሩ።

«ለእኔ ብለሽ ነው። አይደል?»

«አዎ፣ ሚስ ዶሪስ።»

«ቤቴ ውስጥ የስኳሩን ዕቃ አጣዋለሁ። የጎረቤቴን ስም አጣዋለሁ። አንቺ አውቶቡስ ላይ ስወጣ ግን ድልድዩ ሲመጣ ቃሉ ይመጣል። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጄ። መንገዱ ይነግረኛል።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ልታስወጪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ግን ሚስተር ኬል ጠይቆኛል፣ አልዋሸውም። እርስዎን ሳላማክር እንዳልነግረው ብዬ ነው።»

ሲተነፍሱ ትከሻቸው ወረደ። ልባቸውን ያስጨነቀው መርሳታቸው ብቻ አልነበረም፤ ማንም በግልጽ ሳያናግራቸው ከኋላቸው መወሰኑም ነበር።

«ቅጠሉ እስኪረግፍ ጊዜ ስጡኝ» አሉ። «ሌላ አልጠይቅም።»

ሰኞ ሁሉንም ለሚስተር ኬል ነገርኩት። ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ ክላሪስ በየቅዳሜው አብራ ፊት ወንበር እንድትቀመጥ፣ ሚስ ዶሪስ ብቻቸውን ከአውቶቡስ እንዳይወርዱ፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላም ሌላ ሰው እንዲተካ ተስማማን። ክላሪስ ሳንዲ ስፕሪንግስ የምትኖር ዝምተኛ ሴት ናት፤ ቅዳሜዋን በሙሉ ሰጠች።

ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን በስተ ደቡብ ካለው ባሕረ ሰላጤ የተነሣ የአውሎ ነፋስ ትርፍራፊ ጆርጂያ ላይ ለቀናት ዘነበ። ያን ቅዳሜ የጫንኳቸው ከአትላንታ አንድ ቤተ ክርስቲያን የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ፤ ሴቶቹ ለእሑድ የሚያደርጉትን ባርኔጣ አድርገዋል። ዝናቡ አቁሞ ነበርና ጉዞው አልተሰረዘም። ሮም ስንደርስ ግን ወንዞቹ ሞልተው ወደ መገናኛው የሚወስደውን መንገድና የድልድዩን መግቢያ ፖሊስ ዘግቶታል። ሚስ ዶሪስና ክላሪስ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከአንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ተሳፈሩ።

ወንዞቹ የሉም። ድልድዩ የለም። መጀመሪያው የለም።

ሚስ ዶሪስ ማይክሮፎኑን ያዙ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አሉ። ከዚያ ቆሙ። በማላውቀው የጎን መንገድ እየነዳሁ ነበር፤ የመኪና መሸጫ፣ የጎማ መጠገኛ፣ የፈጣን ምግብ ቤት። አንዱም ቃል የሚሰጣቸው አልነበረም። በውስጥ መስታወቴ አየኋቸው። ዓይናቸው ከመስኮት ወደ መስኮት ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ክላሪስ ከወንበሯ ብድግ አለች።

እኔ ንግግሩን ቃል በቃል አውቀው ነበር። ሎተሪውን፣ ባርኔጣውን፣ ጀልባውን፣ ሁሉንም። የሹፌር ማይክሮፎን ደግሞ እጄ ሥር ነው። ዘርግቼ ብናገር ኖሮ ጉብኝቱ ይድናል። ሚስ ዶሪስ ግን በገዛ ከተማቸው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተቀምጠው የሚሰሙ ይሆናሉ። እጄን መለስኩ።

ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ኮረብታ ላይ ሰፊ ፓርኪንግ እንዳለ አውቅ ነበር። አቀበቱን ወጣሁና የአውቶቡሱን አፍንጫ ወደ ሸለቆው አዙሬ ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ስስብ አየሩ ሽሽ ብሎ ወጣ። ከታች ከተማዪቱ በጭጋግ ውስጥ ተንሳፋለች። ሁለቱ ወንዞች አይለዩም፤ ሰፊ ቡናማ ውሃ ዛፎቹን እስከ ወገባቸው ይዟቸዋል። ግንቡ ብቻ ከጭጋጉ በላይ ቆሟል።

ወንበሬ ላይ እንዳለሁ ወደ ኋላ ዞርኩ። «ሚስ ዶሪስ፣» አልኳቸው፣ «ልጅ ሆነው ውሃው እንዲህ ይመጣ ነበር?»

ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ተመለከቱት። 

«እናቴ ውሃው ያስፈራት ነበር» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የቅዳሜው ድምፅ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ ነበር። «ዋናው ጎዳና ላይ ካለ የልብስ ሱቅ ሥር፣ ከመሬት በታች በቀረው ክፍል ውስጥ ልብስ በካውያ ትተኩስ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔን ይዛኝ ትሄዳለች። እዚያ ውስጥ መስኮት ነበረ። መስታወቱ አለ፣ እንጨቱ አለ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ግን አፈር ነው። የዛፍ ሥር ይታያል። ‹እማዬ፣ አፈር ላይ ማን መስኮት ይሠራል?› አልኳት። ‹ድሮ መንገዱ እዚህ ነበር፣ ውሃው ነው ከፍ ያደረገው› አለችኝ። እኔም የድሮዎቹ ሰዎች ከአፈሩ ወዲያ የሚሄዱ መስሎኝ በእጄ ሰላም እላቸው ነበር።»

እጃቸውን አንሥተው ወደ መስኮቱ አወዛወዙ። ፊት የተቀመጡት አሮጊት ሳያስቡት እጃቸውን አነሡ።

«ከላይ ያለው ሱቅ ባርኔጣም ይሸጥ ነበር። ሪባኑን የምትተኩሰው እናቴ ናት። ለእኛ ለጥቁሮቹ ግን መሞከር አይፈቀድም ነበር። ገንዘብ ብትይዢም ራስሽ ላይ ማድረግ አይቻልም። እናቴ የተኮሰችውን ሪባን በሌላ ሰው ራስ ላይ ጎዳናው ላይ አየዋለሁ።» እጃቸውን ወደ ከተማዪቱ ዘረጉ። «ጎዳናውን ከፍ ያደረጉት ውሃው እንዳይደርስባቸው ነው። ዝቅ ያለውን ለሚሠራው ሰው ተዉት። የወንዝ ከተማ ስትሄዱ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ማን እንደሚኖር ጠይቁ። ታሪኩ ያ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት «መስኮት አለ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። መስኮቱ ውስጥ እሳቸው መኖራቸውን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ፊት ያሉት አሮጊት ተነሡ። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ትልቅ አበባ የተሰፋበት ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው አውልቀው፣ «እስኪ ይሄን ይሞክሩት፣ እህቴ» አሉ።

ሚስ ዶሪስ የገለባውን አወለቁና ያን አደረጉት። መስታወት ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አሉ፤ የለም። ከበላዬ ያለውን ትልቁን የተሳፋሪ መመልከቻ መስታወት ፈታ አድርጌ ወደ እሳቸው አዘነበልኩት። ራሳቸውን አዩ። አገጫቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አደረጉ።

«ይከብዳል!» አሉ።

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸው እስኪያነባ። ክላሪስ ግን ወደ መስኮቱ ዞራ ታለቅስ ነበር።

የዚያን ቀን ተኩላዋንም ግንቡንም አላየንም። እዚያው ቁጭ ብለን ሽማግሌዎቹ በየተራ ስለተወለዱበት ወንዝ አወሩ፤ አንዱ ስለ ፍሊንት፣ አንዷ ስለ ሳቫና። ስንመለስ ሚስ ዶሪስ ከመውረዳቸው በፊት ማይክሮፎኑን ወንበሬ ጎን ካለው ማንጠልጠያ ላይ ራሳቸው ሰቀሉት። «ቅጠሉ ገና አልረገፈም» አልኳቸው።

«ይበቃል፣ ጽጌ» አሉኝ። «ከዚህ የተሻለ አልናገርም።»

ብርዱ ሲገባ ክላሪስ ከቤቷ አጠገብ፣ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች የሚጦሩበት ቤት አገኘችላቸው። ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ በዕረፍት ቀኔ፣ በራሴ መኪና። ክላሪስ ከኋላ፣ እሳቸው ከጎኔ። መንገዱን ሁሉ ዝም ብለው እያዩ መጡ። ቻታሁቺ ወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ ቀና አሉ።

«ይህ የማን ወንዝ ነው?»

«ቻታሁቺ ነው። የአትላንታ።»

«ወዴት ይሄዳል?»

 ቻርተር ስነዳ ዓመታት የተሻገርኩት ወንዝ ነው። ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

«አላውቅም፣ ሚስ ዶሪስ።»

«እህ» አሉ፣ ቅር ሳይላቸው። «እንግዲህ ጠይቂያ።»

ጠየቅኩ። ቻታሁቺ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፣ የጆርጂያና የአላባማ ድንበር ይሆናል፣ ፍሊንትን ሲያገኝ ስሙን ይለውጣል፣ ከዚያ በፍሎሪዳ በኩል አልፎ ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ይገባል። የሮም ወንዞችም በአላባማ ዞረው እዚያው ባሕር ይደርሳሉ። ሚስ ዶሪስን ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ይህን እነግራቸው ነበር። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይሰሙኛል። እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ እንደ ጥሩ ተሳፋሪ። አንዳንድ ቀን ማን እንደሆንኩ አያውቁም፤ «ከዚያስ?» ይሉኛል ብቻ። እስኪያርፉ ድረስ እንዲህ ነበርን።

አሁን ጋሽ ተሾመ ጡረታ ወጥተው አዲስ ሹፌሮችን፣ እናንተን፣ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ጎማና ፍሬኑን ካሳየኋችሁ በኋላ የምነግራችሁ ይህን ነው። ከአስጎብኚ ጋር ስትመደቡ፣ ወቅቱ ሳይጀምር መንገዱን አብራችሁ በእግር ሂዱ። ድልድዩ ቢዘጋ የት እንደምትቆሙ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አስጎብኚው ዝም ካለ ማይክሮፎኑን አትውሰዱበት። ጥሩ ቦታ ፈልጋችሁ አውቶቡሱን አቁሙ፣ ከዚያ መልሱን የማታውቁትን አንድ ጥያቄ ጠይቁት።